ፋቂና ቀቢ

የመኪና ሙያ ቋንቋችን ቢመረመር እኩሌታው ጣልያንኛ ነው። ጎማ የሚፈታው ጎሚስታ፣ የተጨማደደውን ላሜራ የሚያቃናው ባትላሜራ፣ ጎድጓዳውን የሚሞላው ስቱኮ፣ ብሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ፣ ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ፣ የሚያቆመው ፍሬን፤ ሁሉም ከሙያው ጋር አብረው የገቡ ቃላት ናቸው። አንድ ሥራ ግን የባዕድ ስም ሳያገኝ ቀርቷል። አሮጌ ቀለምን ከብረት ላይ ማንሳት በአዲስ አበባም በሐዋሳም «መፋቅ» ነው። የሚያነሳውም ሰው ፋቂ ነው።

ይህ ቃል በአማርኛችን ውስጥ የተሸከመውን ጉድ አንባቢ አያጣውም። ፋቂ ቆዳ አልፍቶ ለአገሩ የሚያቀርብ ሰው ነበር። አገሩ በአጎዛው ላይ ይተኛል፣ በጠፍሩ በሬውን ይጠምዳል፣ በስልቻው እህሉን ይይዛል፤ የሠሪውን ስም ግን ስድብ አደረገው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ሐዋሳ ባለችበት በሲዳማም ቢሆን ሸክላ ሠሪው ሀዲቾ፣ ቆዳ ፋቂው አዋቾ፣ ብረት ቀጥቃጩ ቱንቲቾ እየተባለ ከሌላው በጋብቻ ሳይቀላቀል ዘመናት አልፈዋል። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ማንም ማንንም በዘሩ ፋቂ አይለው ይሆናል። ሆኖም «ቀቢ» ማዕረግ ነው፤ «ፋቂ» ግን ገና ማዕረግ ያላገኘ ልጅ ነው።

ይህን በቅርብ ያስተዋልኩት የአጎቴ ዲኤክስ አራት ቸርኬዎቿን ልትቀባ ሐዋሳ ውስጥ ወደ አንድ የመንገድ ዳር ቀለም ቤት በሄደች ጊዜ ነው። ዲኤክስ ያልኳት በ1970ዎቹ የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሸጠህ ሌላ ግዛ የሚለው ሰው አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እንደ ሰማይ አራቀው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። እናም አገር ውስጥ የቀረው አሮጌ መኪና ሁሉ ዕድሜው በአዋጅ ተራዝሟል። ዕድሜው የተራዘመ ደግሞ መታደስ አለበት።

ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ቀቢ ናቸው። ፋቂው አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ ዳዶዎቹ ተፈትተው፣ ጎማዎቹ ከጎሚስታው ዘንድ ተላቀው ሲመለሱ ልጁ ቸርኬውን በናፍጣ አጠበ። ቅባት ያለበት ብረት ቢፋቅ ቅባቱ ወደ ጭረቱ ይገባል፤ በኋላ የሚቀባውም ቀለም አይዝም። ከዚያ እስፓቶላውን አነሳ።

ላይኛው ቀለም ብርማ ነበር። ከሥሩ ጥቁር ወጣ። ከጥቁሩ ሥር ነጭ፤ ይህኛው አጎቴ ለአንድ ዘመዳችን ሠርግ ያስቀባው መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሳል። ከነጩ ሥር ከአጎቴ በፊት የነበረው ባለቤት ያስቀባው ሰማያዊ ብቅ አለ። በመጨረሻ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ስስ ሽፋን መጣና ከዚያ ብረቱ ታየ። ከሰማያዊው በቀር አንዱም ቀለም አጥብቆ አልያዘም። ከበላዩ የነበሩት ሁሉ ሳይፋቅ የተቀቡ ናቸው። በቆሻሻ ላይ ቀለም፣ በዝገት ላይ ቀለም። በየጊዜው አምሮ ከጋራዥ ወጥቷል፤ በየጊዜው ከአንድ ክረምት በኋላ ተልጧል።

«ቀለም አይዋሽም ልጄ» አሉኝ ቀቢው። «የሚዋሸው ከሥሩ ያለው ነው።»

ሳይፋቅ የተቀባ ቸርኬ መልኩ ብቻ ቢበላሽ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ቸርኬው ከመኪናው አካል ጋር የሚገጥምበት ፊትና ዳዶው የሚቀመጥባቸው ቀዳዳዎች ብረት በብረት ላይ መቀመጥ አለባቸው። በመሐል ወፍራም ቀለም ከተደራረበ ዳዶው ሲጠብቅ የጨበጠ ይመስላል እንጂ የጨበጠው ቀለሙን ነው። መኪናው ጥቂት ከሮጠ በኋላ ቀለሙ ይደቃል፤ ዳዶውም ይላላል። በሻሸመኔ መንገድ ላይ ከሲኖትራክ ጎን ለጎን እየሄዱ ጎማ ሲላላ ምን እንደሚመጣ መተንተን አያሻም። ሌላም አለ። ብረት ሲደክም የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ በእነዚያው ቀዳዳዎች ዙሪያ ነው፤ ቀለም ደግሞ ስንጥቁን ይሸፍናል። ልጁ ሦስተኛውን ቸርኬ ሲፍቅ ፀጉር የምታህል መስመር አገኘና ጥፍሩን አስኪዶባት ቀቢውን ጠራ። ያ ቸርኬ ተጣለ። አጎቴ ሌላ ለመግዛት ቢያጉረመርምም የሞት መንገድ የተዘጋው በዚያ ጥፍር ነው።

ልጁ ግን እንዴት እንደሚፍቅ ተመልከቱ። ውጭ አገር የሚሠራው ቀለም ማንሻ ዋጋው አይቀመስም። ቢገኝም ከእነዚህ ብዙዎቹን ኃይለኛ ያደረጋቸው ሜቲሊን ክሎራይድ የተባለው ኬሚካል ነው፤ በታፈነ ክፍል ውስጥ እንፋሎቱ ሰው ስለሚገድል አሜሪካ በ2016 ዓ.ም. አብዛኛውን አጠቃቀሙን ከልክላለች። እኛ ዘንድ ያሉት ዘዴዎች ርካሽ ናቸው። አንዱ ያገለገለ የፍሬን ዘይት ቀብቶ ማሳደር ነው፤ ቀለሙን ያላላዋል። ሌላው በውሃ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ይህ ለብረት ቸርኬ ይሆናል፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከነከሩበት ግን ቀለሙን ትቶ ቸርኬውን ይበላል፣ እጅም አይምርም። ችኩሉ ግራይንደር ያነሳል። በግራይንደር አንድ ቸርኬ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ አቧራው ግን እንደ ጉም ይነሳል። ልጁ ፊቱን የሸፈነው በአሮጌ ካናቴራ ነበር።

ጭንቄ ያ ብርቱካንማ ሽፋን ነው። በድሮ ዘመን ዝገት መከላከያውም ሆነ ቢጫውና ብርቱካንማው ቀለም ብዙውን ጊዜ እርሳስ አለበት። የምንጽፍበትን አላልኩም፤ ከባዱን ብረት ነው። ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ጉዳት አያደርስም የሚባል መጠን እንዳልተገኘለት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ደግሞ አይመለስም። መንግሥታችን በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ አዲስ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደግ አደረገ። ደንቡ የሚያየው ግን ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ቀለም ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቸርኬ ላይ ተኝቶ የኖረውን የሚቀሰቅሰው ይህ ካናቴራ ያሰረ ልጅ ነው። ከአሥር እርምጃ ወዲያ ሕፃን ያዘለች ሴት በቆሎ ትጠብሳለች።

ይህን ለቀቢው ስነግራቸው አልተቆጡም። «እውነትህን ነው» ብለው ግራይንደሩን አስቀመጡና ልጁን በውሃ እንዲፍቅ አዘዙት። በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት አለ፤ ውሃ እያስነኩ ሲያሹ አቧራ አይነሳም። በሻካራው ጀምሮ ወደ ለስላሳው እየተሻገሩ ነው። ሥራው ግን በሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ ልጁ የሚከፈለው ደግሞ በቸርኬ ቁጥር እንጂ በሰዓት አይደለም። የፋቂው ድርሻ ደንበኛው ከሚከፍለው አንድ አምስተኛ አይሞላም። ደንበኛ የሚከፍለው ለሚያየው ነው፤ መፋቁን ከቀለሙ ሥር ማን ያየዋል? ልዩነቱን አጎቴ እንዲከፍል ተሟገትኩ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ከፈለ። የሚቀጥለው ደንበኛ እንደማይከፍል ቀቢውም እኔም እናውቃለን።

ውሃውስ? ውሃው ልክ እንደ ቀጭን ወተት ደፍርሶ ወደ ቦዩ ይወርዳል። የሐዋሳ ቦይ ዝናብ ሲመጣ ወደ ሐይቁ ይመራል። ሐይቁ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ውሃው በፀሐይ ይተንናል፤ የገባው ብረት አይተንም። ማለዳ አሞራ ገደል ሄደን የምንበላው ዓሣ ከዚሁ ውስጥ ነው የሚወጣው።

ይህንንም አነሳሁ። በዚህ ጊዜ ልጁ ራሱ ዘዴ አመጣ። ባዶ በርሜል ሥር ጎድቶ ውሃውን እዚያ ሰበሰበ፤ አሳደረው። በማግሥቱ ላይ ላዩ ጠርቶ ከሥሩ ጣት የሚያህል ዝቃጭ ረግቶ ነበር። በጭልፋ አውጥቶ በአሮጌ የሲሚንቶ ከረጢት አጠራቀመና አፉን በሽቦ አሰረ። ከዚያ ቸርኬዎቹን በቲነር ጠርጎ ለቀቢው አስረከበ። አንቲረስቱ ሲረጭ ብረቱ እንደ አዲስ ገበታ ተቀበለው።

ከረጢቱን ወዴት እንደሚወስደው ጠየቅኩት።

«እኔም እሱን ልጠይቅህ ነበር ጋሼ» አለኝ። «ቆሻሻ የሚያነሱት አይቀበሉም። እስከዚያው ጣሪያው ሥር አስቀምጬዋለሁ።»