አንዲት ሽቦ

መኪናዋ አሮጌ ዲኤክስ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ምንም አይላትም። ከሰዓት በኋላ ግን ሞተሯ ግሎ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳ ያቺ ጠብታ የምታንጠባጥብ ጀበና የምትመስለው ቀይ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ትንሽ ነዳጅ ስሰጣት ትጠፋለች።

መጀመሪያ ዘይት ልጨምር ብዬ መለኪያውን መዝዤ አየሁት። ሙሉ ነው። እንደ ብዙ ሰው እኔም መብራቷ የምትናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ይመስለኝ ነበር። ያረመኝ የሰፈራችን መካኒክ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው።

«ስለ ግፊት ነው የምትነግርህ» አለኝ። «እናንተ ሕንፃ ውሃ ምድር ላይ እያለ ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም አይደል? እንደዚያ ነው።»

የመብራቷን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ሰዓት አሰረ። ሞተሩ እስኪግል ጠበቅን። በሚኒሞ መርፌዋ ዜሮ አጠገብ ተንቀጠቀጠች። በ3 ሺህ ዙር ከ2 ባር በላይ መውጣት ሲገባት 1 ላይ ቀረች። ሴንሰሩ አልዋሸም ማለት ነው። ሴንሰር ሲበላሽ ያለ ምክንያት የሚያበራበት ጊዜ አለ፤ ያ ቢሆን ኖሮ በትንሽ ገንዘብ እገላገል ነበር።

ጋሼ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ፓምፑ ዘይቱን ከሞተሩ ሥር በወንፊት መጥጦ፣ በፊልትሮ አሳልፎ፣ በሚሽከረከረው ዘንግና በብሮንዚኖቹ መካከል ይገፋዋል። እዚያ ብረትን ከብረት የሚለየው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ብሮንዚኑ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ዘይቱ ቶሎ ያመልጣል፤ ግፊቱ ይወርዳል። ዘይት ሲግል ስለሚቀጥን ችግሩ ከሰዓት በኋላ ይብሳል። ፓምፑ አርጅቶ፣ ወንፊቱ በደለል ተደፍኖ፣ ወይም ዘይቱ ለሞተሩ የማይሆን ቀጭን ሆኖም ሊሆን ይችላል። «ከፍቶ ማየት ነው» አለ። የነገረኝ ዋጋ የሦስት ወር ደሞዜ ነበር።

ዕቁብ ሲደርሰኝ አሠራታለሁ ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ባትሪ ሊያይልኝ ኮፈኑን የከፈተ አንድ ልጅ መብራቷን አይቶ «ላጥፋልህ?» አለኝ። እጁን ሰደደና ከሴንሰሩ አንዲት ሽቦ ነቀለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ብር ስሰጠውም «ተወው ባክህ» አለኝ። ምን እንዳደረገ አውቃለሁ። ጋሼ እኮ አስተምሮኛል። ግን መብራቷ ስትጠፋ ጭንቀቴም አብሮ ጠፋ። ዕቁቡ ደረሰኝ፤ ለሌላ ነገር አዋልኩት።

ከዚያ አጎታችን ደብረ ማርቆስ አረፈ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባለ። እኔ ከሥራ መውጣት ስላልቻልኩ ታናሽ ወንድሜ እማዬን ይዞ በሌሊት ተነሳ። ቁልፉን ስሰጠው «ዘይቷን አየት እያደረግህ» አልኩት። ይኼን ብቻ።

ጎሃ ጽዮን ሲደርስ አየ፤ ሙሉ ነበር። የዓባይን በረሃ ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲጀምር ሞተሩ ቀጨቀጨ፣ ከዚያ አንቋረረ፣ ከዚያ ያዘ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ በዚያ ሙቀት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሚያሳፍራቸው መኪና እስኪያገኙ ሰዓቱ ነጎደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገና ደጀን ነበሩ። የወንድሟን ቀብር አልደረሰችም።

ወንድሜ ሲደውልልኝ ያለቅስ ነበር። «እማዬ ምስክሬ ናት፣ ምንም መብራት አልበራም!»

መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ ጋሼ ኮፈኑን ከፍቶ የተንጠለጠለችውን ሽቦ አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ወንድሜ «መንገዱ አንገጫግጮ ነቅሏት ይሆናል» አለ። እኔም «ይሆናል» አልኩ። ጋሼ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

ያኔ ለወንድሜ ልነግረው የሚገባኝን አሁን ለምታነቡ ልንገራችሁ። ቁልፉን ስታዞሩ፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ያቺ ቀይ ጀበና መብራት አለባት፤ ሲነሳ ደግሞ ወዲያው መጥፋት። ጭራሽ ካልበራች ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል ወይ አንድ ሰው አፏን ዘግቷታል። እየነዳችሁ ከበራች ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። «እስከሚቀጥለው ከተማ» አትበሉ። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ፣ ሜዳ ላይ ዘይቱን ለኩ። ጎድሎ ከሆነ ሙሉትና አስነሱ፤ በሰከንዶች ውስጥ ካልጠፋች መልሳችሁ አጥፉ። ሙሉ ሆኖ ከበራችም ግፊቱ በሰዓት ሳይለካ አትንዱ። ማስጎተት ይወደዳል፤ ሞተር ግን የበለጠ ይወደዳል።

ያን ሌሊት ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር ጀበናዋ አልበራችም። የበራ ነገር ያስደነግጣል እንጂ ያልበራ ነገር ማን ልብ ይለዋል?

የአጎታችን ስም በተነሳ ቁጥር እማዬ ዛሬም «ዓባይ ነው ያስቀረኝ» ትላለች። ወንድሜ ያሽከረከረው እሱ ስለነበር አንገቱን ይደፋል። እኔ ቡናዬን እጠጣለሁ። ለፋሲካ ሁላችንም እማዬ ቤት ነን። ያን ስትል፣ እሱ ባለበት፣ ዓባይ እንዳልሆነ እነግራታለሁ።