ቮልቱን ትተን ጊዜውን ስንቆጥር

የቮልት መለኪያ በገዛ እጃችን ሠርተን ንባቡን በአሃዝ እንድናሳይ ለመመረቂያ ሥራ ሲሰጠን፥ አራታችንም ነገሩን በጣም አቅልለን ነበር ያየነው። የመረጥነው መንገድ ዴኒስ ዊልኪንሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. በኬምብሪጅ ለኑክሊየር ምርምር ከሠራው ጋር ዝምድና አለው፤ ይኸውም ቮልቱን ወደ ጊዜ ለውጦ የጊዜውን ርዝመት በሰዓት ምት መቁጠር ነው። ካፓሲተሩ በእኩል ፍጥነት እየሞላ ካልታወቀው ቮልት እስኪደርስ ድረስ ቆጣሪው ይቆጥራል።

ጧት 1.000 ያለን መለኪያ ያንኑ ቮልት ከሰዓት በኋላ 1.012 አለው። ካፓሲተሩን ከገበያ ገዝቶ ያመጣልንን ጓደኛችንን «ርካሽ ፈልገህ ነው» ብለን በሰው ፊት አስቀየምነው። (እውነቱን ለመናገር ገንዘቡን ያሳነስነው እኛው ነበርን።)

ስለዚህ ባለ ሁለት ተዳፋት ወደሚባለው ዘዴ ዞርን። የኤሌክትሪክ ተማሪ ያልሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ እንስራ አስቡ። ያልታወቀው ቮልት እንስራውን ለተወሰነ ጊዜ ይሞላዋል፤ ቀጥሎ የታወቀው ቮልት ያጎድለዋል፤ ባዶ እስኪሆን የፈጀውን ጊዜ እንቆጥራለን። እንስራው ቢሰፋም ቢጠብም፥ የሞላውና የጎደለው ያው አንዱ እንስራ ስለ ሆነ ስሕተቱ ይጣፋል። ሰዓቱ ቢዘገይም ሁለቱንም ጊዜ እኩል ይዘገያል። በርካሽ ካፓሲተር ትክክለኛ ንባብ የሚገኘው እንዲህ ነው።

ደስታችን ግን አልቆየም። ጧትና ማታ ያለው ልዩነት ጠፋ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ግን እንደ ፌንጣ ይዘሉ ጀመር። ሦስት ሌሊት ሽቦ ስንፈታና ስንበይድ አደርን። በመጨረሻ ያ የተቀየመው ጓደኛችን ወረቀቱን አንሥቶ፥ «የመሙያው ጊዜ ለምን 16,667 ምት ሆነ?» ሲል ጠየቀ። ማናችንም መልስ አልነበረንም፤ ከአሜሪካ መጽሐፍ እንዳለ ገልብጠነው ነበርና።

የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ዙር 16.67 ሚሊሴኮንድ ነው። ከመብራት መስመር ወደ መለኪያው ሾልኮ የሚገባው ሁካታ ግማሽ ዙር ሲጨምር ግማሽ ዙር ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ዙር ከተሞላ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። የእኛ አገር መብራት ግን 50 ጊዜ ነው፤ ዙሩም 20 ሚሊሴኮንድ። እኛ ዙሩ ሳያልቅ እየቆረጥን፥ የተረፈውን ሁካታ እንደ ቮልት እንቆጥር ነበር። ሰዓታችን በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ ስለሚመታ የመሙያውን ጊዜ 20,000 ምት አደረግነው። የታወቀው ቮልት 2 ስለ ሆነ ለ1 ቮልት 10,000 ሊቆጠር ይገባል፤ አሃዙም እዚያው ረጋ።

በኋላ 100 ሚሊሴኮንድ አደረግነው፤ ይህ ለእኛ አምስት ዙር ለአሜሪካኖቹ ስድስት ዙር ስለሚሆን በሁለቱም አገር ይሠራል። ዋጋው ዝግመት ነው፤ 1 ቮልት ስንለካ በሴኮንድ ከስድስት ንባብ አያልፍም።

በፈተናው ቀን መምህራችን ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ስለ መሙያው ጊዜ ነበር። ሦስታችን ወደ ጓደኛችን ዞረን ተመለከትን፤ እሱም ጥቂት ካስጠበቀን በኋላ መለሰላቸው።