አደራ የተሰጠ ልጅም መብት አለው

በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮና በበደሌ ከተሞች የዘመድ ወይም የባዳ ልጅ የማያድግበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። በገጠር ቡና እየለቀመ የሚኖር ወላጅ ልጁን ለትምህርት ወደ ከተማ ይልካል። ሞት ወይም ችግር የበተነው ቤተሰብ ደግሞ ሕፃኑን ለአክስት ወይም ለጎረቤት ይሰጣል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ወደ ኢሉባቦር በሰፈራ ከመጡት ወገኖች መካከልም ከዘመድ ተለያይተው በሌላ ሰው እጅ ያደጉ ነበሩ። ይህ የሚያኮራ ባህላችን ነው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የተገኘ ሲሆን፣ የሌላውን ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ አድርጎ ማሳደግን ያመለክታል።

ዳሩ ግን አደራ፣ ሞግዚትነትና ጉዲፈቻ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ ብዙዎቻችን ሁሉንም «ማሳደግ» በሚል አንድ ስም እንጠራቸዋለን። ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት በሰፈራችን አይቻለሁ።

ባሏ የሞተባት አንዲት የገጠር ሴት የሰባት ዓመት ልጇን «አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ አበቃታለሁ» ላለቻት የከተማ ሴት ሰጠች። ከስድስት ዓመት በኋላ ኑሮዋ ሲቃና ልጇን ልትወስድ ብትመጣ፣ አሳዳጊዋ «ያበላሁበትና ያለበስኩበት ይከፈለኝ» አለች። ልጅቱ ከ3ኛ ክፍል አቋርጣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግርና ሕፃን ስታዝል ነው የኖረችው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሁለቱም ማሉ፤ ጽሑፍ ግን በማናቸውም እጅ አልነበረም። ልጅቱን ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። በመጨረሻ እናቷ ወሰደቻት። በ13 ዓመቷም ከትንንሾቹ ጋር 4ኛ ክፍል ተቀመጠች።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግ በዋና ዋና ነጥቦች ይቀራረባሉ። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ሁሉ አካለ መጠን ያላደረሰ ይባላል። አሳዳሪውና ሞግዚቱም ወላጆቹ ናቸው። አሳዳሪው የልጁን አኗኗር፣ ጤናና ትምህርት ሲከታተል፣ ሞግዚቱ ንብረቱን ይጠብቃል። ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ኃላፊነቱ በሕይወት ባለው ላይ ይጸናል። ስለሆነም ልጇን በአደራ የሰጠች እናት እናትነቷንም ሥልጣኗንም አልሰጠችም። ልጅ ለቀለብ ዕዳ መያዣ አይደለም።

ጉዲፈቻ ግን ከዚህ ይለያል። በፌዴራሉ ሕግ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ከሁለቱ የአንዳቸው መሙላት ይበቃል። በመሠረቱ አባትና እናት በሕይወት ካሉ ሁለቱም ይስማማሉ። ስምምነቱም የልጁ አስተያየት ተሰምቶና ጥቅሙ ተመዝኖ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም። ከጸደቀ በኋላ ልጁ እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠራል፤ ይወርሳልም። ከወለዱት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። ጉዲፈቻ እንዲሁ በቀላሉ አይፈርስም። ነገር ግን ልጁ እንደ ባሪያ ከተያዘ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ከተያዘ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። አቤቱታውንም ልጁ ራሱ ማቅረብ ይችላል።

በአደራም ይሁን በጉዲፈቻ የሚያድገው ልጅ የራሱ መብት አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅ፣ ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዕቃ ማጠብና ቤት መጥረግ ለማንኛውም ልጅ ተገቢ ነው። የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሷ ከማድቤት የምትቀር ከሆነ ግን ያ ማሳደግ ሳይሆን ደመወዝ የሌለው አገልጋይነት ነው።

እህቶቼ፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለምን? ልጅ ስትሰጡም ሆነ ስትቀበሉ በምስክሮች ፊት ወረቀት ላይ አስፍሩት። የልጁ ስምና የልደት ዘመን፣ የትምህርቱ ነገር፣ ወላጅ በየስንት ጊዜው እንደሚጠይቀው፣ መቼ እንደሚመለስ ይጻፍ። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንዲያውቀው አድርጉ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ቀበሌ ሄዳችሁ አውጡ። የልጁን ለራሳችሁ ማድረግ ከፈለጋችሁ ደግሞ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ልጅ ሲበደል የምታይ ጎረቤትም ለዚሁ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ታመልክት።

በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ቀርቷል። ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት የምናሳድጋቸው እኛው በመሆናችን ኃላፊነታችን ከበፊቱ ይበልጣል። በአገራችን አደራ በላ መባል ከባድ ስድብ ነው። ለሕፃን ሲሆን ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። እንግዲህ በየቤታችሁ በአደራ የሚያድግ ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ ደብተሩን አይታችሁ «ትምህርት እንዴት ነው? ማንን ናፈቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት።