ዘርና ልጓም

መተማ ዮሐንስና ገላባት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ጋ የተቆላ ቡና ሽታው ሌላ አገር ይደርሳል። መሃላቸው የሚያልፈውን መስመር ግን ከሁለቱም ከተሞች ማንም አላሰመረውም፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እንግሊዞች አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው የወሰኑት ነው። ተከፋዩና ከፋፋዩ ለየቅል መሆናቸው እንግዲህ ለቆላው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በየህዋሳችንም ያለው ይኸው ነው። ከምንበላው ጉልበት የሚያወጣልን ማይቶኮንድሪያ ራሱን ለሁለት አይከፍልም፤ ዲአርፒ1 የሚባል ፕሮቲን ከውጭ መጥቶ ይቆርጠዋል። አበው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። የዚህን ቆራጭ ዘር ስንቆጥር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ የሚስበው ልጓሙ ነው።

ዲአርፒ1 ከ700 በላይ አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ነው። ጂቲፒ የተባለውን ጉልበት ያዘለ ሞለኪውል የሚሰብር ራስ አለው፤ ከራሱ በታች ያለው ግንድ ደግሞ ከመሰሎቹ ጋር ያያይዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ በህዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ይንሳፈፋል። ሲፈለግ በማይቶኮንድሪያው ሽፋን ላይ የተተከሉት ኤምኤፍኤፍና ኤምአይዲ የተባሉ ፕሮቲኖች ይቀበሉታል። እዚያ አንዱ ባንዱ ላይ እየተቀጠለ ዙሪያውን ይጠመጠማል፤ ጂቲፒውን ሲሰብር ቅርጹ ይለወጣል፣ ጥምጥሙ ይጠብቃል፣ የማይቶኮንድሪያው ወገብ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። የሚቆርጥበትን ቦታ እንኳ ራሱ አይመርጥም፤ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የተባለው የህዋሱ መረብ አስቀድሞ ጨመቅ አድርጎ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2011 ታይቷል። ፈቃዱም ከሌላ ነው። ህዋሱ ሊባዛ ሲል 616ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ተለጥፎበት ይነቃል፤ 637ኛው ላይ ሲለጠፍበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይገታል።

ወደ ዘሩ እንሂድ። የዲአርፒ1 ቤተሰብ ታዋቂ አባል ዳይናሚን እ.ኤ.አ. በ1989 ከከብት አንጎል ተለይቶ ሲወጣ ሙያው ገና በቅጡ አልታወቀም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ያለው አቻው ታወቀ። ይህ ጂን በተወሰነ መልኩ የተበላሸባት ዝንብ ሙቀቱ 29 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሽባ ሆና ትወድቃለች፤ ቀዝቀዝ ሲልላት ተነሥታ ትበራለች። ሚያዝያን መተማ እንድታሳልፍ ቢፈረድባት መነሣቱን ትረሳው ነበር። የምትወድቀው ነርቮቿ መልእክት የሚልኩባቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች ከህዋሱ ሽፋን ላይ ቆርጠው መመለስ ስለሚያቅታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ በእርሾና በሰው ህዋስ ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ከዚሁ ቤተሰብ አንዱ በማይቶኮንድሪያ ላይ መሾሙን አሳየ። የሁለቱ የጋራ ሙያ ሽፋን አንቆ መቁረጥ ሲሆን የማን ሽፋን የሚለው እንደየሹመቱ ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ሙግት ይነሣል። ሊን ማርጉሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 እንደተከራከረችው፣ ዛሬም እንደተረጋገጠው፣ ማይቶኮንድሪያ ጥንት ራሱን የቻለ ባክቴሪያ ነበር። ባክቴሪያ ደግሞ ኤፍቲኤስዜድ በተባለ የራሱ ፕሮቲን ከውስጥ ነው የሚከፈለው። በእንስሳት ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያ ፕሮቲን የለም። ሳያኒዲዮስካይዞን የተባለችው ደቂቅ ቀይ አልጌ ግን ሁለቱንም ይዛለች፦ ጥንታዊው ከውስጥ፣ ዳይናሚን መሳዩ ከውጭ። ሥልጣን ሲተላለፍ አሮጌውና አዲሱ ሹም አብረው የተቀመጡበትን ዘመን እንደማየት ነው። ተሟጋቹ ግን አይለቅም፦ እ.ኤ.አ. በ2006 ኖስቶክ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ዳይናሚን መሳይ ፕሮቲን ተገኝቷል፤ ስለዚህ ቆራጩ ራሱ የባክቴሪያ ዘር ሊሆን ይችላል። ይሁን፤ የሚስበው ልጓሙ ነው የሚለውን ክርክር ግን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መነሻው የትም ይሁን የት፣ ዛሬ የሚመረተው በኒውክለሳችን ትእዛዝ፣ የሚሠራው በህዋሱ ፈቃድ ነው። ማይቶኮንድሪያው በቀሩት 37 ጂኖቹ ስለ መከፈሉ የሚናገርበት አንድም የለውም።

«መከፋፈል መቼም በጎ አይሆንም» የሚልም አይጠፋም፤ የተበጣጠሰ ማይቶኮንድሪያ በብዙ ሕመሞች ስለሚታይ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2007 የዲአርፒ1 ጂን አንድ ፊደል የተሳሳተባት አራስ ጉዳይ ታትሟል፤ ጭንቅላቷ ያለመጠን ትንሽ፣ ደሟ በላክቲክ አሲድ የተሞላ ነበር፤ በተወለደች በ37ኛ ቀኗ አረፈች። ፕሮቲኑ ጨርሶ የጠፋባቸው የአይጥ ፅንሶችም አይወለዱም። ጥፋቱ ያለው ልጓሙ ሲላላ ወይም ሲከር እንጂ መቆረጡ ላይ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለመተማ ቆላ ተራ ጨዋታ እንዳይመስል ካላዛርን እናንሣ። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በተሰነጠቀው የዋልካ መሬት ላይ ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች፤ ሊሽማኒያ የተባለው ተውሳክ ገብቶ ጣፊያውን ያሳብጣል፣ በትኩሳት ያከሳዋል። ተውሳኩ የተሸሸገበት የሰው ህዋስ ብዙ ማይቶኮንድሪያ አለው፤ ተውሳኩ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። የእንቅልፍ በሽታ በሚያመጣው ዘመዱ ትሪፓኖሶማ ላይ እንደታየው፣ ዳይናሚን መሳዩ ሲታገድ ማይቶኮንድሪያው አይከፈልም፣ ተውሳኩም መባዛት ያቅተዋል። ታዲያ ይህን ቆራጭ ማገድ መድኃኒት ይሆናል? በዘሩ ብቻ ካነጣጠሩ የታማሚውንም መምታት ነው፤ ቤተሰቡ አንድ ነውና። ኤምኤፍኤፍና ኤምአይዲ ግን የእንስሳት ተቀባዮች ናቸው፤ ተውሳኩ ቆራጩን የሚጠራው በሌላ መንገድ መሆን አለበት። መድኃኒት ፈላጊ መመርመር ያለበትም ቆራጩ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይሆን በማን ትእዛዝ እንደሚሠራ ነው።