ለጆሮ እንግዳ የሆነ ዜማ ማብራሪያ ይፈልጋል?

ነሐሴ ሲገባ የስኮትላንዷ ግላስጎው በባግፓይፕ ድምፅ ትሞላለች። ባግፓይፕ በብብት ሥር የሚያዝ የአየር ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ነፊው ከረጢቱን በትንፋሹ ይሞላና በክንዱ ይጫነዋል። ጣቶቹ ዜማውን በሚያወጣው ቧንቧ ላይ ይሮጣሉ፤ ትከሻው ላይ የተደገፉት ሦስት ቧንቧዎች ደግሞ ከሥር ሳያቋርጡ ያስተጋባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዚህ ወር የባግፓይፕ ፌስቲቫል ይካሄዳል። የዓለም የባንዶች ውድድርም የሚደረገው በከተማዋ ወንዝ ዳር ባለው ግላስጎው ግሪን መናፈሻ ነው።

ኪልት የተባለውን ቀሚስ መሰል ልብስ ለብሰው፣ በከበሮ ታጅበው የሚሰለፉትን ባንዶች ለመውደድ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ሕፃን ልጅ እንኳ በምቱ እግሩን ያነሳል። ጥያቄው የሚመጣው ከተለመደው ወጣ ያለ ሙዚቃ ሲያጋጥም ነው። ልጆቹን ወይም የልጅ ልጆቹን ይዞ የሄደ ሰው አስቀድሞ ያስረዳ ወይስ ዝም ብሎ ያስደምጥ?

መልሱ እንደ ሙዚቃው ይለያያል። በቆሻሻ ሰብሳቢነት ይሠራ የነበረው ጎርደን ደንከን የሮክ ሙዚቃን ሳይቀር በባግፓይፕ ተጫውቷል። አንድ የተከበሩ የባግፓይፕ መምህር አጨዋወቱን ሲነቅፉ፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን አልበም “ለሹማስ ብቻ” ብሎ በእሳቸው ስም ሰየመው። የባሕላዊ ዘፈን አዋቂና ተመራማሪ እናት ያሳደገችው ማርቲን ቤኔትም ባግፓይፕን ከኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ምት ጋር አጋብቷል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2005 በለጋ ዕድሜያቸው አረፉ። ሙዚቃቸውን ወጣቱ ያለ አስረጂ ተቀበለው፤ የተቸገረው ብዙ የሚያውቀው ሰው ነበር። እንግዲህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሁልጊዜ ልጅ አይደለም፤ አንዳንዴ አዋቂው ነው።

የሚገርመው፣ ለአዲስ ጆሮ ይበልጥ እንግዳ የሚሆነው አዲሱ ሙዚቃ ሳይሆን ጥንታዊው ነው። ስኮትላንዳውያን ሰልፉንና ጭፈራውን “ትንሹ ሙዚቃ” ሲሉት፣ ፒብሮክ የተባለውን ደግሞ “ትልቁ ሙዚቃ” ይሉታል። ፒብሮክ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚቆይ፣ ከበሮ የሌለው የብቸኛ ነፊ ጨዋታ ነው። ዋሽንት ነፊ ትንፋሽ ሲወስድ ዜማው ፋታ ያገኛል፤ የባግፓይፕ ድምፅ ግን ከረጢቱ አየር ስለሚያከማች አይቋረጥም፤ እንደ ልብ ከፍ ዝቅ አይልም። የዜማው ድምፆችም ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ነፊው አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው በመካከል እንደ ጥቅሻ የፈጠኑ ጥቃቅን ድምፆችን ጣል እያደረገ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ የማያልቅ ጩኸት ብቻ የሰማ ሊመስለው ይችላል።

በግላስጎው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ በተከፈተው የባግፓይፕ ማዕከል፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ነፊው ሲጀምር ተቁነጠነጠች። ሽማግሌው ስለ ታሪኩም ስለ መሣሪያውም ምንም አላሏትም፤ ጎንበስ ብለው፣ “ይህን ዜማ ያዢው። ይሄድና ይመለሳል፤ ሲመለስ እጄን ጨበጥ አድርጊ” ብቻ አሏት። ዜማው እየተወሳሰበ ሄደ፤ የነፊው ጣቶች ፈጠኑ። በመጨረሻ፣ እንደ ፒብሮክ ወግ፣ የመጀመሪያው ዜማ ብቻውን ተመለሰ። ልጅቱ የአያቷን እጅ ጨበጠች። ሙዚቃውን ወደደችው ለማለት አልደፍርም፤ ግን እስከ መጨረሻው አዳምጣለች።

ይህ ዘዴ ከጥንቱ ልማድ ብዙም አይርቅም። በስካይ ደሴት፣ ቦሬሬግ በተባለ ስፍራ፣ ለማክላውድ ባላባቶች በዘር እየተተኩ ይነፉ የነበሩት የማክሪመን ቤተሰብ ትምህርት ቤት እንደነበራቸው ይነገራል። የጥንት መምህራን ዜማውን ለተማሪው ያቀብሉ የነበረው በማብራሪያ ሳይሆን በአፋቸው እያዜሙ፣ ለየድምፁ በተመደቡ ፊደላት ነበር። በእኛም ዘንድ ቅኔ መጀመሪያ ይሰማል፤ ሰምና ወርቁ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ ለልጅ እንግዳ የሆነ ሙዚቃ ስታስደምጡ ትምህርቱን አታስቀድሙ። ከጀርባው ያለው ታሪክ ልጁ ራሱ እስኪጠይቅ ይቆያል። እስከዚያው ጆሮው የሚይዘው አንድ ነገር ስጡት፤ “ይቺን ዜማ ጠብቃት” ማለት ይበቃል። ካልወደደውም አይገደድ። ሰምቶ አለመውደድና ሳይሰሙ መጥላት የተለያዩ ናቸው።