የአቡጀዲ ክንፍ

ዐሥር ሜትር አቡጀዲ ገዝቼ ስገባ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጨርቁን አየች፤ ከጨርቁ ቀና ብላ እኔን አየች።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

ማንም እንዳልሞተ፣ ጨርቁ የአውሮፕላን ክንፍ የሚለብስ መሆኑን ነገርኋት። ዝም አለች። እርሷ በምታውቀው ዓለም ይህን ያህል አቡጀዲ በአንድ ጊዜ የሚገዛው ለመግነዝ ነው።

የተወለድሁት አንገር ጉቲን ነው። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተነሥተው፣ በጭነት መኪና ተጭነው ወደ አንገር ሸለቆ የወረዱ ሰፋሪዎች ናቸው። አንገር ወርዶ ከዴዴሳ የሚቀላቀል፣ በዴዴሳም ዓባይን የሚያገኝ ወንዝ ነው፤ ሸለቆው ሞቃት ነው፣ በቆሎና ሰሊጥ ያበቅላል፣ ወባም አያጣውም። እዚያ ልጅ ሳለሁ አውሮፕላን የምሠራው ከአገዳ ነበር። የአገዳውን ልጥ እንደ ሚስማር፣ ነጩን ልቡን እንደ እንጨት አድርጌ እገጣጥመዋለሁ፤ ሮጬ ስወረውረው ጥቂት ክንድ ሄዶ ይወድቃል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በውጭ አገር ያሉ ሞዴል ሠሪዎች ባልሳ በሚባል እጅግ ቀላል እንጨት እንደሚሠሩ ሳነብ፣ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ የአገዳ ልብ ነው።

ዛሬ የምኖረው ነቀምቴ ነው፤ እንጀራዬም የእንጨት ሥራ ነው። እናቴ፣ ባለፉት ዓመታት ወለጋ ላይ በወረደው ግጭት፣ የአንገሩን ቤቷን ጥላ ወደ እኔ መጥታለች። አውሮፕላኑን ልሥራ ብዬ የተነሣሁት እርሷ በመጣች በዓመቱ ነው። የልጅ መጫወቻ አልነበረም ያማረኝ፤ በሬዲዮ እየተመራ የሚበር፣ በራሴ እጅ ከባዶ የሚጀመር ትልቅ የጦር አውሮፕላን ነበር።

ነቀምቴ ሆኖ የጦር አውሮፕላን የሚያስብ ሰው ቦናያን ሳያስብ አያልፍም። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከከተማዪቱ አቅራቢያ ቦናያ ላይ አረፉ። በዚያች ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከሆለታው የጦር ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶችም አብረዋቸው፣ ከበው አውሮፕላኖቹን አቃጠሏቸው። ከዐሥራ ሦስቱ መንገደኞች የተረፈ አንድ ቄስ ብቻ ነው፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊ እዚያው ቀሩ። መጀመሪያ ያሰብሁት ከተቃጠሉት አንዱን፣ ካፕሮኒውን፣ ለመሥራት ነበር። ነገር ግን የጠላትን አውሮፕላን በወራት ድካም ሠርቶ ማሳመሩን ልቤ አልፈቀደም።

አንድ ወዳጄ «ፀሐይን ሥራ» አለኝ። ፀሐይ በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድዊግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ ኢጣሊያ ወስዷት ኖሮ በ2016 ዓ.ም. የተመለሰች አውሮፕላን ናት። ምክሩ መልካም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የፈለግሁት የሚፈራ ነገር ነበር። አጎንብሶ መሬት ሲኮተኩት የኖረ ሰው ልጅ ነኝ፤ የእኛ የሆነ፣ ሰማይ ላይ ሆኖ የሚፈራ አንድ ነገር ማየት አምሮኝ ነበር።

ስለዚህ ፖቴዝ 25ን መረጥሁ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያረፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ ነው፤ ስሙንም ንስረ ተፈሪ አሉት። ሁለት ክንፍ የተደራረበበት፣ የላይኛው ረጅም፣ የታችኛው አጠር ያለ፣ ጨርቅ የለበሰ ፈረንሳይ ሠራሽ ነው። የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሜትር ከ14 ሳንቲም ነው። እኔ በአራት አካፈልሁት፤ 3 ሜትር ከ53 ሳንቲም ሆነ። ጓሮዬ የሚችለው ይህንኑ ነበር።

ሥራው ካስተማረኝ ነገር አንዱ የቁጥር ነው። ርዝመቱን በ4 ስታካፍለው የክንፉ ስፋት በ16 ይካፈላል፤ ክብደቱ ደግሞ በ64። አየሩ ግን አይካፈልም። ትንሹም ትልቁም አውሮፕላን የሚተኛው በዚያው በአንዱ አየር ላይ ነው። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ ቀኑን ሙሉ የሚሟገተው ከክብደት ጋር ነው፤ ከእያንዳንዱ የክንፍ አጥንት መካከሉን ይፈለፍላል፣ ሙጫን ሳይቀር ይሰስታል። አፍንጫው ቢከብድ አልነሣ ይላል፤ ጅራቱ ቢከብድ ተነሥቶ መሪ አይሰማም። ሚዛኑ የሚገኘው ከክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከክንፉ ወርድ ሲሶ እንኳ ሳይሞላ ነው። በሁለት ጣት ደግፌ ሚዛኑን ስፈልግ ያመሸሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

አጥንቶቹን ከስስ ኮምፔንሳቶ ቆረጥሁ። ጠርዞቹን ከተሰነጠቀ ቀርከሃ አደረግሁ። በሁለቱ ክንፎች መካከል የሚወጠሩትን ሽቦዎች ከብስክሌት ፍሬን ገመድ አወጣሁ። ሞተሩ ካረጀ ቼይንሶ የተፈታ ነው፤ ግንድ ሲጥል የኖረ ሞተር ነው። ውልብልቢቱን ከወይራ ጠረብሁት። ሬዲዮውን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ የሚበር ነገር መቆጣጠሪያ ያለ ፈቃድ ከውጭ አይገባምና።

ጨርቁን የሰፋችው እናቴ ናት። አልጠየቅኋትም። ከእያንዳንዱ አጥንት ጋር አቡጀዲውን በመርፌ ማያያዝ እንዳለብኝ አይታ፣ የእጄን አያያዝ ጥቂት ታዝባ፣ «ወዲህ አምጣ» አለችኝ። ቀኝ ክንፉን በሦስት ቀን ጨረሰች። በውኃ አርሼው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ በጣቷ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማችና ፈገግ አለች። ቤቷን ጥላ ከመጣች ወዲህ ፈገግ ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ግራ ክንፉን ስትጀምር እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ከዋንዛ የጠረብኋቸውን ቦምቦች ቀለም እቀባ ነበር። ቀለሙ የደረቀውን አንሥቼ በተጠናቀቀው ክንፍ ሥር አሰርሁ።

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?»

«ቦምብ ናቸው፣ እማዬ። የጦር አውሮፕላን ነው እኮ።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ አቆመች። ብዙ ቆይታ፣ «አያቴ ያየው ይህን ነው» አለች።

አያቷ የየጁ ሰው ነበር። ከራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ጋር ዘምቶ አንቺም ላይ ነበረ። እርሷ እንደ ሰማችው፣ መጀመሪያ ከሰማይ ወረቀት ዘነበ፤ ማንበብ የሚችሉት አንብበው «ተወግዘናል» አሉ፤ ከወረቀቱ ቀጥሎ እሳት መጣ። አያቷ ከዚያ ወዲህ ንብ ሲተም እንኳ ቀና ብሎ ሰማዩን ያይ ነበር አለችኝ። «እኛ አንገር ላይ ያን ሰሞን እንዳየነው» ብላ ጨመረች፤ ከዚህ በላይ አልተናገረችም።

በማታው የታሪክ መጻሕፍቴን ገለጥሁ። የአንቺም ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ራስ ጉግሣም የሞቱት እዚያው ነው። ጽሑፉ የአቡኑን ውግዘት የያዘ ነበር፤ አውሮፕላኑም ፖቴዝ። ንስረ ተፈሪ ካረፈበት ቀን ስቆጥር ስምንት ወር እንኳ አልሞላም። እኔ ከጠላት አውሮፕላን ሸሽቼ የራሳችን ያልሁት፣ ቦምቡን የጣለው በየጁና በበጌምድር ገበሬ ላይ ነበር። ይህን ቀድሞም አንብቤው ነበር፤ አንብቤ ያለፍሁት ነገር ነው። ከገበሬዎቹ አንዱ የእናቴ አያት መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥራውን ተወ ብዬ ብጽፍ ለአንባቢ ደስ ባለው። እኔ ግን ሞተሩን ሳልሞክር ማደር አልቻልሁም። እሑድ ጠዋት፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ብዬ፣ ጅራቱን ከባሕር ዛፍ ጉቶ ጋር በገመድ አስሬ ሞተሩን አስነሣሁት። ጮኸ፤ ክንፎቹ ተንቀጠቀጡ፤ አቧራው ተነሣ። የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው አጨበጨቡ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አውሮፕላኑ ገመዱን እየጎተተ ሊሄድ ይታገል ነበር፤ የአገዳው አውሮፕላን ሞልቶለት ሊነሣ የደረሰ መሰለኝ።

ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ቤት ስገባ እናቴ አልሄደችም ነበር። ጓዳ ውስጥ፣ መስኮት በሌለበት ግድግዳ ሥር፣ የአራት ዓመቷን ልጄን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ራሷን በልጅቱ ራስ ላይ ደፍታ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጄ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። እናቴ ቀና ብላ፣ «አለፈ?» አለችኝ።

«አለፈ፣ እማዬ» አልኋት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

በማግስቱ ሞተሩን ፈታሁት። ሬዲዮውንም ሳልፈልገው ቀረሁ። አውሮፕላኑ ዛሬ ከሥራ ቤቴ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። የሚመጣ ሰው ሁሉ «መቼ ነው የሚበረው?» ይለኛል፤ ልጆቹ ደግሞ ስለዚያ እሑድ ሳያነሡ አያልፉም። አንዳንዱ ቦምቦቹ ለምን እንዳልተነቀሉ ይጠይቀኛል። ልነቅላቸው አስቤ ነበር፤ ቢነቀሉ አውሮፕላኑ ያማረ ነገር ብቻ ይሆናል፣ የእናቴም አያት ያየው ነገር ሐሰት ይሆንበታል ብዬ ተውኋቸው።

የግራውን ክንፍ የጨረስሁት ራሴ ነኝ። እናቴ የሰካችውን መርፌ ነቅዬ፣ ካቆመችበት ጀመርሁ። የእርሷ ስፌት የት እንዳበቃ፣ የእኔ ከየት እንደተነሣ፣ ጠጋ ብሎ ለሚያይ ሰው ይታወቃል።