ሳይጠሩት የሚመጣ ልወጣ

«2010-06-15» የሚለውን ያነበበ ሰው ሁሉ ቀን ነው ይላል። የውሂብ ጎታ ግን በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረለት ቅንስናሽ ነው ብሎ ይረዳዋል፤ ከ2010 ላይ 6ን እና 15ን ቀንሶ 1989 ያገኛል። ክፍት ምንጭ በሆነው ፖስትግሬስኪውኤል ውስጥ ለዓመታት ተሸሽጎ የኖረው ጉድለት በዚህች ትንሽ መዘንጋት ይገለጥ ነበር።

ከዕትም 8.3 በፊት አንድ ባለሙያ ጥቅሱን ዘንግቶ «የዛሬው ቀን ከ2010-06-15 ይቀድማልን?» ብሎ በ2007 ቢጠይቅ፣ ሥርዓቱ ቀንን ከሙሉ ቁጥር ጋር የሚያነጻጽርበት ደንብ አልነበረውም። ሆኖም «አልችልም» አይልም፤ ሁለቱንም በገዛ ፈቃዱ ወደ ጽሑፍ ለውጦ እንደ ቃላት በተራ ያስተያያቸዋል። አንዱ በ«2»፣ ሌላው በ«1» ስለሚጀምር መልሱ «አይቀድምም» ይሆናል። የስሕተት መልእክት የለም፤ የሚመለሰው ባዶ ሠንጠረዥ ነው። ባዶ ሠንጠረዥ ደግሞ መረጃው እንደሌለ እንጂ መጠይቁ እንደተበላሸ አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 የወጣው ዕትም 8.3 ያመጣው መፍትሔ ነባሩን ፈቃድ መንሣት ነበር። ሥርዓቱ ልወጣዎችን በሦስት ይመድባል፦ በግልጽ ሲታዘዝ ብቻ የሚፈጸም፣ እሴት ወደ ዓምድ ሲገባም የሚፈቀድ፣ በማናቸውም ስሌት መካከል በራሱ የሚከናወን። ቀንንና ቁጥርን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ምድብ ወረደ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ትክክለኛ ውጤት ይሰጡ የነበሩ መጠይቆችም፣ ለምሳሌ ከቁጥር ላይ የመጀመሪያ አኃዞችን በጽሑፍ መቁረጫ የሚወስዱት፣ በአንድ ጀንበር ቆሙ። አንዳንዶች የተነሣውን ልወጣ በእጃቸው መልሰው ተከሉ፤ ያን ጊዜ ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ማጣበቅ፣ በአዲሱ ዕትም ያለ ችግር ይሠራ የነበረው፣ ሥርዓቱ ከሁለት እኩል አማራጮች መምረጥ ስለተሳነው ይሰናከል ጀመር።

በኢትዮጵያ በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥር በጽሑፍ ዓምድ ተመዝግቦ ሳለ ያለ ጥቅስ ቢፈለግ፣ የቀድሞው ሥርዓት ዜሮውን ጥሎ «እንዲህ ያለ ደንበኛ የለም» ከማለት የማይተናነስ መልስ ይሰጥ ነበር። የዛሬው ጽሑፍንና ቁጥርን አላነጻጽርም ብሎ ይቆማል፤ ምናልባት ግልጽ ልወጣ ያስፈልግ ይሆናል ሲልም ይጠቁማል። ጥቆማውን ተከትሎ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሰው ግን ደንበኛውን አሁንም አያገኘውም፤ ዜሮው ከልወጣው በፊት ወድቋልና።